የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ የማን ነው?

በራዲዮ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየጠረጴዛችሁ ላይ በየቀኑ የምታዩትን ዕቃ የሚመለከት ነው። ይኸውም ላፕቶፕ የተባለው፣ እየታጠፈ በቦርሳ የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው። ዕቃው ለሁላችሁም የታወቀ ስለሆነ እንዴት እንደሚሠራበት ላስተምር አልነሣሁም። የንግግሬ አሳብ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መቶ ወይም አንድ ሺህ ላፕቶፕ ገዝቶ ለሠራተኞቹ ካደለ በኋላ፣ ሁሉንም በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ደንብና በአንድ ኀላፊ ሥር አድርጎ ሊያስተዳድራቸውና ሊጠብቃቸው ይገባል የሚል ነው።

የመንግሥት ንብረት እንዴት እንደሚያዝ እናንተ ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፤ ለሠራተኛው ሲሰጥ በሞዴል 22 ተፈርሞ ይወጣል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የንብረት ክፍል ሰዎች መጥተው ይቈጥራሉ። ይህ ሥርዓት ለወንበርና ለጠረጴዛ በቂ ነው። ወንበር ቢሰረቅ የጠፋው ወንበሩ ብቻ ነውና፣ ዋጋው ታስቦ ጉዳዩ ይዘጋል። ላፕቶፕ ሲሰረቅ ግን ከዕቃው ጋራ አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። የባለጉዳዩ ስምና አድራሻ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የመሬት ይዞታ ማኅደር፣ የሕመምተኛው የምርመራ ውጤት፣ ገና ያልተከፈተ የጨረታ ሰነድ፣ ይህ ሁሉ በውስጡ ይገኛል። የብረቱና የፕላስቲኩ ዋጋ በመዝገብ ላይ ተጽፏል፤ የሰዉ ጉዳይ ዋጋ ግን በየትኛውም ሞዴል ላይ አልተጻፈም።

በፊት አንድ ሌባ የዐሥር ሺህ ሰዎችን ማኅደር ከመዝገብ ቤት ለማውጣት ቢፈልግ የጭነት መኪና ማምጣት፣ ሸክመኛ መቅጠርና በዘበኛው ፊት ማለፍ ነበረበት። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ማኅደር በአንዲት ቦርሳ ውስጥ ገብቶ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ሻይ ቤት ይቀመጣል፤ ከሠራተኛው ጋራ ቤት ገብቶ ያድራል። እንግዲህ መዝገብ ቤቱ እግር አውጥቶ በከተማ የሚዞር ከሆነ፣ የአጠባበቁም ሥርዓት አብሮ መለወጥ አለበት።

ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚሆን፣ በሌላ አገር የደረሰ አንድ ታሪክ ላንሣ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በሜይ 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ የጡረታ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመራው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከነበረ ሰው ቤት ሌባ ገብቶ አንድ ላፕቶፕና አንድ የመረጃ ማኖሪያ ሰረቀ። ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ቤቱ ወስዶት የነበረው መረጃ የ26.5 ሚሊዮን ሰዎችን ስም፣ የልደት ቀንና የማኅበራዊ ዋስትና ቍጥር የያዘ ነበር። መረጃውም አልተመሰጠረም፤ ማለት የከፈተው ሁሉ እንደ ተርታ ደብዳቤ ሊያነበው ይችል ነበር። ሠራተኛው መሰረቁን ለፖሊስም ለመሥሪያ ቤቱም በዚያው ቀን አስታውቋል። ነገር ግን ወሬው ከአለቃ ወደ አለቃ ሲንከባለል ሚኒስትሩ ዘንድ የደረሰው ከ13 ቀን በኋላ ነው፤ ለሕዝብ የተነገረውም በሜይ 22 ቀን ነበር። ዕቃው በጁን ወር መጨረሻ ተገኘ፤ መርማሪዎችም መረጃው አልተነካም ብለው አመኑ። ይሁን እንጂ መንግሥት የተበደሉትን ክስ ለመጨረስ በ2009 ዓ.ም. 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያ መሥሪያ ቤት ላፕቶፖቹን ሁሉ እንዲመሰጠሩ ያዘዘው ከስርቆቱ በኋላ ነው። ይህም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ዓይነት ጥንቃቄ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ቍልፍ ነው። ብዙ ሰው ላፕቶፑን ሲከፍት የምሥጢር ቃል ስለሚጠየቅ ብቻ መረጃው የተጠበቀ ይመስለዋል። ይህ በሩን ቈልፎ መስኮቱን ክፍት እንደ መተው ነው። መረጃው የተቀመጠበትን ክፍል በመፍቻ አውጥቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋራ ያያያዘ ሰው፣ የምሥጢር ቃሉን ሳይጠየቅ ያነበዋል። እውነተኛው ቍልፍ ምስጠራ ነው። በዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር፣ በአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ ደግሞ ፋይልቮልት የተባሉት መሣሪያዎች ሥራቸው ይኸው ነው። ለመሥሪያ ቤት በሚሸጡት የዊንዶውስ ዓይነቶች ውስጥ ቢትሎከር አብሮ ስለሚመጣ፣ ለብቻው የሚገዛ ነገር አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሥራ ላይ የሚያውለው ሰው ነው።

ታዲያ ነገሩ ወደ ማዕከል የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ቢትሎከር ሲቈልፍ 48 አኃዝ ያለው የመጠባበቂያ ቍልፍ ይሰጣል። ይህ ቍልፍ በሠራተኛው እጅ ብቻ ቢቀር፣ ያ ሰው በተዛወረ፣ በታመመ ወይም በሞተ ጊዜ የመንግሥቱ ሰነድ ከእርሱ ጋራ ይቀበራል። በወረቀት ተጽፎ በላፕቶፑ ጀርባ ላይ ቢለጠፍም ቍልፉን በበሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ የሁሉም ላፕቶፕ መጠባበቂያ ቍልፍ፣ የግምጃ ቤት ቍልፍ እንደሚቀመጥ፣ በታወቀ ሰው ኀላፊነት በአንድ ስፍራ ሊጠበቅ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥገና ነው። ኮምፒዩተርን የሚመሩት ፕሮግራሞች የሰው ሥራ ስለሆኑ ቀዳዳ አያጣቸውም፤ ሠሪዎቻቸውም ቀዳዳው በታወቀ ጊዜ መድፈኛውን ይልካሉ። ሠራተኛው ግን ሥራ ስለሚበዛበት «በኋላ» የሚለውን እየመረጠ ሳምንቱን በወር፣ ወሩን በዓመት ይተካዋል። በማርች 2017 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ስለ አንድ ብርቱ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። በሜይ 12 ቀን፣ ማለት ከሁለት ወር ያህል በኋላ፣ ዋናክራይ የተባለው መረጃ ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ተንኰለኛ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ያህል አገሮች ተዛመተ። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሐኪም ቤቶች ብዙ ኮምፒዩተሮች ስለ ተዘጉ፣ ከ19,000 በላይ የሕክምና ቀጠሮዎች ሳይሰረዙ እንዳልቀሩ ተገምቷል። የተጠቁትም መድፈኛውን ያልተቀበሉ ወይም ጊዜያቸው ያለፈባቸው ኮምፒዩተሮች ነበሩ። መድኀኒቱ ተሠርቶ ሳለ ሕመምተኛው ሳይውጠው ቀረ ማለት ነው።

አንድ ኀላፊ ከማዕከል ሆኖ የትኛው ላፕቶፕ እንደ ታደሰና የትኛው እንደ ቀረ ቢያይ ኖሮ፣ በሁለት ወር ውስጥ ብዙ በተሠራ ነበር። አሠራሩም ረቂቅ አይደለም። ላፕቶፑ ለሠራተኛው ከመሰጠቱ በፊት በማዕከሉ መዝገብ ይገባል፤ ከዚያም በውስጡ ያለች መልእክተኛ ፕሮግራም በኢንተርኔት አማካይነት ከማዕከሉ ትእዛዝ ትቀበላለች፤ ስለ ላፕቶፑም ጤንነት መልስ ትሰጣለች። «የምሥጢር ቃሉ ይህን ያህል ይርዘም፤ ምስጠራው ይከፈት፤ መድፈኛው ይግባ» የሚለው ትእዛዝ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሺሁም ይደርሳል። በዚህ ዓይነት ከሚታወቁት መሣሪያዎች አንዱ የማይክሮሶፍት ኢንቲዩን ነው። ላፕቶፑ የተሰረቀ እንደ ሆነም ከማዕከል ሆኖ በውስጡ ያለውን መረጃ እንዲሰርዝ ማዘዝ ይቻላል። ነገር ግን ይህ ትእዛዝ የሚደርሰው ላፕቶፑ ከኢንተርኔት ጋራ ሲገናኝ ብቻ ስለሆነ፣ ብልህ ሌባ ሳያገናኝ ሊሠራበት ይችላል። እንግዲህ የመሰረዝ ሥልጣን አለኝ ብሎ ምስጠራውን የተወ መሥሪያ ቤት ራሱን አታሏል።

ሦስተኛው ጉዳይ የሥልጣን ልክ ነው። ሠራተኛው ሁሉ በላፕቶፑ ላይ የፈለገውን ፕሮግራም የመጫን ሙሉ ሥልጣን ካለው፣ ወዳጁ በፍላሽ ያመጣለት፣ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራምም በዚያው በር ይገባል። ለዕለት ሥራው የሚበቃውን ያህል ሥልጣን ሰጥቶ፣ የመጫኑን ሥልጣን ለማዕከሉ ማቆየት የሠራተኛውን ክብር አይነካም። ገንዘብ ያዥ የካዝናው ቍልፍ በእጁ ሲሆን፣ መዝገቡን የሚመረምረው ሌላ ሰው ነው፤ በዚህም የሚከፋ ገንዘብ ያዥ የለም።

እስከ አሁን ስለ ማዕከል ጥቅም ብቻ ተናገርሁ። ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ስለሚገባ፣ የማዕከልንም አደጋ አልሸሽግም። ለሺህ ላፕቶፖች በአንድ ጊዜ መልካም ነገር ማድረግ የሚችል እጅ፣ ለሺሁም በአንድ ጊዜ ክፉ ነገር ማድረግ ይችላል። በጁላይ 19 ቀን 2024 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ስሕተት ያለበት ማደሻ ለደንበኞቹ ላከ። ማደሻው የተሰረዘው ከ78 ደቂቃ በኋላ ቢሆንም፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ሥራ አቁመው ነበር። አውሮፕላኖች በየጣቢያው ቆሙ፤ ባንኮችና ሐኪም ቤቶች ታወኩ። ይልቁንም የሚያስገርመው፣ ብዙዎቹን ኮምፒዩተሮች ለማዳን አንድ ሰው እያንዳንዱ ዘንድ ሄዶ በእጁ መሥራት ነበረበት፤ የተመሰጠሩትም ያን 48 አኃዝ ያለውን ቍልፍ ይጠይቁ ነበር። ቍልፎቹን ራሱ በወደቀው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ያኖረ መሥሪያ ቤት ምን ያህል እንደሚጨነቅ አስቡት።

ስለዚህ ማዕከሉም ጠባቂ ያስፈልገዋል። አዲስ ትእዛዝ በመጀመሪያ በጥቂት ላፕቶፖች ላይ ይፈተን፤ ቀጥሎ ለአንድ ክፍል፣ በመጨረሻም ለሁሉም ይድረስ። የመጠባበቂያ ቍልፎቹ ግልባጭ በሌላ አስተማማኝ ስፍራ ይቀመጥ። ሁሉን የመሰረዝን ያህል ከባድ ትእዛዝ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሰጥ የሁለተኛ ሰው ፈቃድ ይጠየቅ። የማዕከሉ ሹም ወደ ሥራው ሲገባ ከምሥጢር ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያሳይ። የሰነዶችም ቅጂ ከላፕቶፑ ውጭ ዘወትር ይኑር።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «ይህ ነገር እኛን ለመሰለል የመጣ ነው» ሲሉ ይሰማል። ይህ ጥያቄ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። መልካም አስተዳደር ያለው መሥሪያ ቤት፣ ማዕከሉ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ በጽሑፍ አውጥቶ ለሠራተኛው ያስታውቃል። ማዕከሉ ሊያይ የሚገባው የላፕቶፑን ጤንነት ነው፤ ይኸውም ተመስጥሯል ወይ፣ ታድሷል ወይ፣ በማን እጅ ነው የሚለውን ነው። የሰውን የግል ደብዳቤ ማንበብ ሥራው አይደለም። በአንጻሩም ሠራተኛው የቤተሰቡን ፎቶግራፍና የግል ጉዳዩን በመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ ባያኖር ለራሱም ለመሥሪያ ቤቱም ሰላም ነው።

በአገራችን ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016፣ የሰው መረጃ በእጁ ያለ ሁሉ በሚገባ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። ይህ ግዴታ የሚፈጸመው ግን ከጽሕፈት ቤት እስከ ቦርሳ ባለው የዕለት ልማድ ነው። ስለሆነም ለመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የማሳስበው ይህ ነው። ገንዘብ እስኪመደብ አትጠብቁ። ላፕቶፖቻችሁ ስንት እንደ ሆኑ፣ በማን እጅ እንዳሉና እንደ ተመሰጠሩ ወይም እንዳልተመሰጠሩ ነገ ጠዋት መመዝገብ ጀምሩ። ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸውንም ለይታችሁ ጻፉ፤ ማይክሮሶፍት መደበኛ ጥገናውን በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ዓ.ም. አቁሟልና። ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሲሰናበት፣ ከክሊራንሱ በፊት ላፕቶፑ ይመለስ፤ መግቢያውም በዚያው ቀን ይዘጋ፤ ለተተኪው የሚሰጠውም ተጠርጎ እንደ አዲስ ከተሰናዳ በኋላ ይሁን።

ለሠራተኞች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ላፕቶፑ ቢጠፋባችሁ በዚያው ሰዓት ተናገሩ። ነገ ይገኝ ይሆናል ብሎ ማደር ለሌባው አንድ ሌሊት መስጠት ነው። አለቆችም የጠፋበትን ሰው ገና አፉን ሳይከፍት የምትቈጡ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሰው ዝም እንዲል አስተምራችሁታል። በሜሪላንድ የሆነውን አስታውሱ፤ ሠራተኛው በዕለቱ ተናግሮ ሳለ 13 ቀን የባከነው በአለቆች ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ የማን ነው ብላችሁ የጠየቃችሁ እንደ ሆነ፣ ዕቃው የመንግሥት ነው፤ በውስጡ ያለው ጉዳይ ግን በመስኮታችሁ በኩል ተሰልፎ ወረቀቱን ያስረከባችሁ የዚያ ባለጉዳይ ነው። እርሱ አጥሩን ሊጠብቅ አይችልም፤ ላፕቶፑንም አይቶት አያውቅም። አጥሩን የምትጠብቁለት እናንተ ናችሁ።