ልተወው ወይስ ልቀጥል?

(በሬድዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር፤ ከመርጡለ ማርያም)

  



በአማርኛችን ፈተና ያላለፈን ሰው «ወደቀ» እንለዋለን፤ ከገደል እንደተወረወረ ሰው ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን 46 የሚል ቁጥር ነው። ማለፊያው 50 ከሆነ የጎደለው አራት ነጥብ ነው። መንደሩ ስለ አራት ነጥብ አያወራም፤ «የእገሌ ልጅ ወደቀ» ብሎ ይደመድማል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በነበሩ ጊዜ ይህ ቃል ስንቱ ቤት እንደ ገባ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ የማነሳው ግን የተማሪ ልጆችን ነገር አይደለም። ትዳር መሥርተው፣ ሥራ ይዘው፣ ከዚያ በኋላ ለሙያ ፈተና የሚቀመጡ ወንድሞችና እህቶች አሉንና ስለ እነሱ ነው።

መነሻዬ የአንድ ወንድም ደብዳቤ ነው። የዚሁ የመርጡለ ማርያም ልጅ ነው፤ አባቱ በገበያ ቀን ጨርቅ ዘርግተው በመሸጥ አስተማሩት። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ይዞ አዲስ አበባ በአንድ የኦዲት ድርጅት ተቀጠረ፤ አገባ፤ ሁለት ልጆች ወለደ። ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. የሚባለውን የሙያ ማረጋገጫ ለማግኘት አንድ ፈተና ብቻ ቀርቶታል። ያችን አንዲት ፈተና አምስት ጊዜ ተቀምጦ 44፣ 47፣ 41፣ 46፣ በመጨረሻም 43 አመጣ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ልተወው ወይስ ልቀጥል? ኢስቲኻራ ሰግዶም ምንም ሕልም እንዳላየ ጽፎልናል።

ፈተናውን የማታውቁ ትኖራላችሁና ትንሽ ላብራራ። ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1904 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። አሁን ባለው ሥርዓቱ 13 ፈተናዎች ሲኖሩት፣ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ያለው ሰው እንደ ትምህርቱ እስከ 9 የሚሆኑት ይታለፉለታል። የመጨረሻዎቹ አራቱ ግን ለማንም አይታለፉም። በአገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ፣ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቁሞ፣ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፉ ደረጃ እንዲያቀርቡ ከተደነገገ ወዲህ ይህ ወረቀት ያለው ሰው ተፈላጊነቱ ጨምሯል። ስለዚህ ወንድማችን የያዘው ነገር ከንቱ ምኞት አይደለም። ፈተናውም ቀላል አይደለም። እሱን ያስቸገረው ከፍተኛው የኦዲት ፈተና በዓለም ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል የሚያልፉት ብዙውን ጊዜ ከመቶ 40 እንኳ የማይሞሉበት ነው። ሎንዶን ያለውም፣ ላሆር ያለውም፣ ናይሮቢ ያለውም ይደግመዋል።

ወደ ጥያቄው ከመግባቴ በፊት ከቀደምት ዑለማእ ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ።

የመጀመሪያው የመርው ሰው ነው፤ ከተማዋ ዛሬ በቱርክሜኒስታን ትገኛለች። ቀፋል ይባላሉ፤ ቁልፍ ሠሪ ማለት ነው። እጃቸው የተባረከ ነበርና ከነመክፈቻው የጥቂት ፍሬ እህል ክብደት ብቻ ያለው ቁልፍ ሠርተዋል ይባላል። ዒልም መፈለግ የጀመሩት ዕድሜያቸው ሠላሳ ከደረሰ በኋላ ነው። አስተማሪያቸው በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ኪታብ መግቢያ ሦስት ቃል ሰጧቸው። ቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው ከዒሻእ እስከ ንጋት ያችን ሦስት ቃል ሲደጋግሙ አደሩ፤ ትንሽ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው፤ ሲነቁ ጠፍታቸዋለች። አዝነው ሲወጡ ጎረቤታቸው የሆነች ሴት «እንዲህ እንዲህ እያልክ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኸን» ብላ ያችኑ ቃል መልሳ ነገረቻቸው! እኚህ ሰው በ417 ዓመተ ሒጅራ ሲሞቱ የሻፊዒያ መዝሀብ ታላቅ ኢማም ነበሩ።

ሁለተኛው የበስራ ነው። ኸሊል ኢብን አሕመድ የዐረብኛን ግጥም ሚዛን ሥርዓት ያስያዙ ሊቅ ናቸው። አንድ ተማሪ ይህን ሚዛን ሊማር ወደ እሳቸው ብዙ ጊዜ ተመላለሰ፤ ምንም አልገባው አለ። ኸሊል ማሳፈር አልፈለጉም። አንድ ቀን አንዲት ስንኝ ሰጥተው በሚዛኗ እንዲከፍላት አዘዙት። የስንኟ መልእክት የማትችለውን ትተህ ወደምትችለው እለፍ የሚል ነበር። ተማሪው ሚዛኗን አላወቀም፤ መልእክቷ ግን ገባችው፤ ተነሥቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። ኸሊል፣ ትምህርቱ ያልገባው ሰው ጥቆማዬ እንዴት ገባው ብለው ተደነቁ ይባላል። በአንዳንድ አተራረክ ተማሪው አስመዒ ነው። አስመዒ ደግሞ በኋላ በዐረብኛ ቋንቋና በጥንት ግጥም እውቀት ወደር ያልተገኘለት ሰው ሆነ።

እንግዲህ የትኛውን እንከተል? ብዙ ሰባኪ ቁልፍ ሠሪውን ይዞ «ሶብር አድርግ» ብቻ ይላል። እኔ ሁለቱንም ይዤ መጥቻለሁ፤ ምክንያቱም ሶብር ማለት ያንኑ ነገር በዚያው መንገድ መደጋገም አይደለም። የቀፋልን ታሪክ ልብ በሉት። ብቻቸውን ሌሊቱን ሙሉ ደግመው ያልያዙትን ቃል ጠዋት ያገኙት ከሌላ ሰው አፍ ነው። እናቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን እንቁላሉ ከታቀፈ ነው። ያልታቀፈ እንቁላል ቢቆይ ይገማል።

ስለዚህ የወንድማችንን ቁጥሮች ደግሜ አየኋቸው። 31፣ 38፣ 45 እያሉ ቢወጡ ኖሮ ምክሬ አንድ ቃል ይሆን ነበር፦ ቀጥል። የእሱ ግን አይወጡም፣ አይወርዱም፤ እዚያው ይዋልላሉ። ይህ የሚያሳየው እውቀት እንዳለው፣ የአሠራሩ መንገድ ግን እንዳልተለወጠ ነው። ደውዬ ጠየቅኩት። ከአምስቱ ሦስቱን የተቀመጠው በነሐሴ መጨረሻ ዙር ነው። ነጋዴ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃሉ። በኦዲት ድርጅት የሚሠራ ሰው በእነዚያ አራት ወራት ማታ አራት ሰዓት ቤቱ ከገባ ደግ ነው። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል፤ በየካቲት መጨረሻ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ በነሐሴ መጨረሻና በኅዳር መጨረሻ ገደማ። እሱ የመረጠው ሥራው ጉሮሮው ላይ የቆመበትን ወቅት ነው። የየካቲቱ ዙር በ2017 ከረመዳን መግቢያ ጋር ገጥሞ ነበር። ጾም ከሥራ ማምለጫ አይደለም፤ ቢሆንም ተራዊሕና ለሦስት ሰዓት ከሩብ ፈተና የሚደረግ ዝግጅት አብረው እንዲሄዱ ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል። ለእሱ የግንቦቱ ይሻለው ነበር።

አንዱን ዙር ደግሞ ያበላሸበት ሌላ ነገር ነው። አባቱ ታመው ሊጠይቅ መጥቶ እዚህ ሰነበተ። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበርና የትምህርት ማስታወሻውን እንኳ መክፈት አልቻለም። ይህን ውጤት ከችሎታው ጉድለት መቁጠር ራስን መበደል ነው።

እናቱ ደግሞ ቀደም ብለው እኔ ዘንድ መጥተው «ሸይኽ፣ ልጄን ዓይን በልቶት ነው፤ ሩቅያ ቅሩለት» ብለውኛል። ዓይን እንዳለ እናምናለን፤ ዱዓም አድርጌለታለሁ። ነገር ግን ለፈተና ሳምንት እስኪቀር ድረስ ሌሊት የደንበኛ መዝገብ ሲያገላብጥ የከረመ ሰው ምክንያቱን በጎረቤት ዓይን ውስጥ መፈለግ አይገባውም። ጎረቤትንም በከንቱ መጠርጠር ይሆናል። ቀደርም እንዲሁ ነው። «አላህ አልጻፈልኝም» ማለት የሚያምረው ሰበቡን አድርሶ ለጨረሰ ሰው ነው። ፈታኞቹ ከየዙሩ በኋላ ብዙኃኑ የት እንደሳቱ የሚዘረዝር ሪፖርት በነፃ ያወጣሉ። በዚህ ፈተና ደጋግመው የሚያነሱት ወቀሳ ተፈታኙ የሸመደደውን ይጽፋል እንጂ በቀረበለት ድርጅት ሁኔታ ላይ አያውለውም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ጀምሮ ደግሞ ከ100 ነጥብ 20ው ለሙያዊ ክህሎት፣ ማለትም ለአመዛዘንና ለአቀራረብ የሚሰጥ ሆኗል። ወንድማችን ከእነዚህ ሪፖርቶች አንዱንም አላነበበም። አራት ነጥብ የጎደለው ሰው አራት ነጥቡን መጀመሪያ እዚያ ይፈልግ።

ሌላም በር አለ። ከመጨረሻዎቹ አራት ፈተናዎች ሁለቱ ግዴታ ሲሆኑ ሁለቱን ከአራት አማራጮች ተፈታኙ ራሱ ይመርጣል። ከፍተኛው ኦዲት ከአማራጮቹ አንዱ ነው፤ በፋይናንስ አመራር ወይም በሌላ መለወጥ ይቻላል። ኦዲተር ሆኖ በራሱ ስም ሊፈርም የሚያስብ ከሆነ ግን ከመለወጡ በፊት ፈቃድ የሚሰጠውን ቦርድ ይጠይቅ። ጊዜውንም ይቁጠር፤ በዚህ ደረጃ የመጀመሪያውን ፈተና ካለፉበት ቀን አንሥቶ ሰባት ዓመት ነው፤ ያ ካለፈ ቀድሞ የታለፈውም እየወደቀ ይሄዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ወደ ሐቅ። ክፍያው በፓውንድ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያው ፈተና በጥቂት ወራት ውስጥ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሆነ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች የከፈለችው ሚስቱ ናት፤ ወርቋን ሸጣ። ያ ወርቅ መህሯ ነው። መህር የሴቷ የግል ገንዘብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንጋባ እንናገረዋለን፤ ሲቸግረን እንረሳዋለን። በስጦታ ሰጥታው እንደሆነ ይጠይቃት፤ ብድር ከሆነ ዕዳ ነውና ይጻፍ። የሚስትና የልጆች ቀለብ ዋጂብ ነው፤ የኤ.ሲ.ሲ.ኤ. ወረቀት ዋጂብ አይደለም። የቤት ኪራይ እየተጓደለ የሚደረግ ስድስተኛ ሙከራ ጀግንነት አይባልም። ስለዚህ ውሳኔው የእሱ ብቻ አይደለም። ከባለቤቱ ጋር ይቀመጡ፤ ስንት ዙር፣ ከየትኛው ገንዘብ፣ እስከ መቼ የሚለውን ከፈተናው በፊት ይወስኑ። ከውጤት በኋላ የሚወሰን ነገር ወይ ከእልህ ወይ ከኀፍረት የሚወጣ ነው።

ስለ ኢስቲኻራም ልመልስለት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባስተማሩን ኢስቲኻራ ውስጥ ሕልም የሚባል መስፈርት የለም። ሁለት ረከዓ ይሰገዳል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ከዚያ ሰው ያመዘነውን ይዞ ይራመዳል፤ ኸይር ከሆነ ይገራለታል፣ ካልሆነ ይዞርለታል። አጠገቡ ደግሞ ምክክር አለ። የሚማከረውም ፈተናውን ያለፈን ሰው፣ ትቶትም በሌላ መስክ የተሳካለትን ሰው ነው። እኔ ኢማም ነኝ፤ የኦዲት መልስ ወረቀት ማረም አልችልም።

«በፈተናው ውስጥ የወለድ ስሌት አለና ይተወው» ያሉኝም አሉ። ወለድን ማስላት ማወቅና ወለድ መብላት አንድ አይደሉም። ሪባን ከመዝገብ ውስጥ ለይቶ የሚያወጣ የሒሳብ ሰው ያስፈልገናል። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው አዮፊ የተባለው ተቋም የኢስላማዊ ፋይናንስ የሒሳብ ደረጃዎችን ያወጣል፤ የራሱ የሙያ ፈተናዎችም አሉት። ያም ለወንድማችን አንድ መንገድ ነው።

የዘምዘም ባንክን ነገር ታስታውሱ እንደሆነ፣ መሥራቾቹ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች መስኮት ብቻ እንዲሰጥ መመሪያ ሲያወጣ መንገዱ ተዘጋባቸው፤ ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያው ሲለወጥ ሐሳቡ እንደገና ተነሣ፤ ባንኩ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በሩን ከፈተ፤ ሒጅራና ራሚስ ተከተሉ። በመካከል የቆሙባቸውን ዓመታት ማንም «ወደቁ» ብሎ አይጠራቸውም። ወንድማችንም ልጆቹ ከፍ እስኪሉ፣ ዕዳው እስኪከፈል ሁለት ዓመት ቢያቆም፣ ሰባቱ ዓመት እስካላለፈ ድረስ የሚከለክለው የለም።

ለስልክ ደዋዮቻችን፦ ውጤት የሚወጣው ፈተናው ከተሰጠ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ ወር ውስጥ ዘመድ ሁሉ በየቀኑ «ምን ሆነ?» እያለ አይደውል፤ ሲመጣ ራሱ ይናገራል። ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ሳምንት የመህርንና የብድርን ጉዳይ በጽሑፍ ስለ መያዝ ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን፤ ጥያቄ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልን።