ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ቃላሚኖ ላይ በአሮጌ ፒክአፕ እህልና ሲሚንቶ እየጫናችሁ የምታድሩ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው።

ይህ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ዳገት እምቢ ካለ፣ «ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት ዘይቱን እዩ። ማስወረድ ብዙ ብር ይበላል።

ሜዳ ላይ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ሞተሩ ሞቆ ይሥራ። የመለኪያውን ዘንግ በነጭ ጨርቅ ጥረጉና መልሳችሁ ክተቱት፤ ከዚያ አውጥታችሁ እዩት።

ቀይ ሆኖ ከጎደለ የሚፈስበት ይፈለግ። ጠቁሮ የቃጠሎ ሽታ ካለው የውስጡ ዲስክ ተበልቷል፤ መፍታት ግድ ነው። እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ አትንዱት!

የሞተር ዘይት አትጨምሩበት። በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈውን የዘይት ስም ደብተር ላይ ገልብጡና ከጣሳው ጋር አስተያዩ። የፈረንጅ ፊደል ቢሆንም ዓይን ያመሳስለዋል። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም ጣሳውን አዙራችሁ እዩ።