የአራስ ቤትና የምርመራ ቀጠሮ

(ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

ካርቱም ውስጥ በዴምም ሆነ በጅሬፍ ላላችሁ አራሶች፣ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ አራት ምርመራ ይመክራል፦ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ከዚያም በ6ኛው ሳምንት።

አዋላጇ ሕፃኑን ትመዝናለች፤ እትብቱን ታያለች (ቅቤ አትቀቡት፣ አደራ)። ደረቱን ገልጣ ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ደግማ ቆጥራም 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ ነው። የእናቲቱንም የደም ግፊትና የደም መፍሰስ ታያለች።

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሣ የ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ አያስቸግርም። ሴት ልጅ ግን 80 ቀን ስለምትጠብቅ፣ እናቷ ከቤት ሳትወጣ ቀጠሮው ሊያልፍ ይችላል። ያ ሳምንት የመጀመሪያው የፔንታ ክትባት ጊዜ ነውና እባካችሁ አታሳልፉት። ጤና ጣቢያ መሄድ አራስነቱን አያፈርስም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ብዙ ሆስፒታሎች ተዘግተዋል፤ የትኛው እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የክትባት ካርዱን ከእጃችሁ አትለዩ። ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ እናቲቱ ደም ከበዛባት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።