የማይዝግ ብረትን ጎድጓዳ ገጽ ስለማለስለስ



በተሰጡኝ ጥቂት ደቂቃዎች ልነግራችሁ የምፈልገው ከስሕተቴ የተማርሁትን ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ለልምምድ ገብቼ ሳለሁ፣ በማይዝግ ብረት ላይ የማንኪያ ሆድ የመሰለ ጉድጓድ እንዳወጣ ታዘዝሁ። ማሽኑ በኮምፒዩተር የሚመራ ሚሊንግ ነበረ፤ መቁረጫውም ጫፉ እንደ ኳስ የከበበ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው።

የማይዝግ ብረት የሚባለው ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮሚየም ያለበት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስስ ልባስ ስለሚያበጅለት ዝገት አይደፍረውም። የወተት ማጠራቀሚያና የሐኪም መሣሪያ የሚሠራበትም ስለዚህ ነው። እናቶቻችን የወተት ዕቃቸውን በወይራ ጭስ ያጥናሉ፤ የብረቱ ዕቃ ንጽሕና ግን በልስላሴው ላይ ያረፈ ነው። በጭረቱ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ወተት ተሐዋስያንን ያፈራልና።

ልስላሴው እንዴት ይገኛል? የደምቢያ ልጆች ነንና በእርሻ ላስረዳ። ማረሻ ሲሄድ ፈር ያወጣል፤ በፈርና በፈር መካከልም ያልተነካ ጉብታ ይቀራል። ክቡ መቁረጫም እንዲሁ ያደርጋል። የጉብታውን ከፍታ ለማወቅ በሁለቱ ፈር መካከል ያለውን ርቀት በራሱ አባዝቶ ለመቁረጫው ሬዲየስ 8 እጥፍ ማካፈል ነው። ሬዲየሱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በዝርግ ገጽ ላይ 0.025 ሚሊ ሜትር ጉብታ ይቀራል። ርቀቱን በግማሽ ብንቀንሰው ጉብታው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የሥራው ጊዜ ግን እጥፍ ይሆናል።

ይህን ሒሳብ ዐውቀው ነበር። ያላወቅሁት የብረቱን ጠባይ ነው። በመካከሉ ሥራዬን ለማየት ጓጉቼ የመቁረጫውን ጉዞ አቆምሁ፤ እርሱ ግን በቦታው መዞሩን አልተወም። የማይዝግ ብረት ሲታሽ ይጠነክራል። ያ ቦታ ጠንክሮ ስለ ቆየኝ፣ ጉዞውን ብቀጥል መቁረጫው ዘለለ፤ አፉም ተሸረፈ፤ በጉድጓዱም ላይ ጠባሳ ቀረ። ነውሬን ለመሸፈን ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ብረቱ አበራ፤ ጠባሳው ግን ከብርሃኑ ጋር ይበልጥ ታየ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው በእኔ ደረሰ።

አሠልጣኛችን ሳይቆጡ ሥራውን እንደገና አስጀመሩኝ። በመጀመሪያ በሌላ መቁረጫ ሻካራውን አስወግጄ፣ ለመጨረሻው ዙር በሁሉም ስፍራ እኩል 0.2 ሚሊ ሜትር አስቀረሁ። ቀጥሎ የክቡ መቁረጫ ጫፍ በዘንጉ መካከል ስላለ፣ በዚያች ነጥብ የመቁረጥ ፍጥነት ከቶ የለም፤ ያሻል እንጂ አይቆርጥም። ስለዚህ ብረቱን 15 ዲግሪ ያህል አዘንብለን አሰርነው፤ ጎኑ እንዲቆርጥ። መቁረጫው ፍቅፋቂውን ከወፍራሙ ጀምሮ በስሱ እንዲጨርስ አቅጣጫውን መረጥን። የማይዝግ ብረት ሙቀትን የሚያሳልፈው ከተራው ብረት ሢሶ ያህል ብቻ ነውና፣ ሙቀቱ በመቁረጫው አፍ ላይ እንዳይከማች ማቀዝቀዣ ፈሳሹን ሳናቋርጥ አፈሰስንበት። በመጨረሻም አዲስ መቁረጫ ገጥሜ፣ እጄን ከማቆሚያው ቁልፍ አርቄ፣ እስኪፈጸም ድረስ ጠበቅሁ።

ጉድጓዱ ሲወጣ በጣቴ ዳሰስሁት። ፈሩን ጣቴ አላገኘውም፤ የብርጭቆ ወረቀቱም ሥራ ጥቂት ብቻ ሆነ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ሁላችን ልናስበው የሚገባን ይህ ይመስለኛል፤ የሚያበራ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። ልስላሴ በመጨረሻ ተፈትጎ የሚመጣ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ቁርጥ ጀምሮ የሚዘጋጅ ነው። ያቺን ጠባሳ ያለባትን የመጀመሪያ ሥራዬን አልጣልኋትም፤ በመጽሐፎቼ አጠገብ አስቀምጫታለሁ።