ወደ ደሴቲቱ ስንሻገር
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከባልቲሞር ወደ ባሃማስ የምንሄድበት ቀን ተቃርቧል። ወጪው ከየራሳችን ቁጠባ ነው፤ የማኅበሩ የእርዳታ ገንዘብ አልተነካም። መርከቡ ናሶ ሲቆም በጀልባ ተሻግረን ብሉ ላጉን ደሴት የባሕር ዳርቻ እንውላለን። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዕቅዳችን በፈጣኖቻችን ሳይሆን ጉልበታቸው በደከመ እናቶቻችን ልክ ይሁን።

አንደኛ፣ የጀልባውን ትኬት በመርከቡ ድርጅት በኩል እንግዛ። በግል የሚገዛው ዋጋው ቢረክስም፣ ጀልባው ከዘገየ መርከቡ ጥሎን ሊሄድ ይችላል። በእሱ በኩል ከገዛን ግን ብዙውን ጊዜ ይጠብቀናል። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብለን እናቶችን ወደብ ላይ አናስቀር።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። መርከቡ “ከ3፡30 በፊት ግቡ” ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9፡30 በፊት ማለት ነው። ለእናቶቻችን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈን እንስጣቸው።

ሦስተኛ፣ ከመክፈላችን በፊት እንጠይቅ፦ እስከ ጀልባው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ደረጃ አለው? ጥላና መጸዳጃ ቤት ቅርብ ነው? የጾም ምሳ ይገኛል? የበሰለ ምግብ ከመርከቡ ይዞ መውረድ አይፈቀድምና ይህን ቀድመን እንወቅ። ዋና የማትችል ውኃ ዳር ብቻዋን አትሁን። ባሕር የሚያዞራት ሐኪሟን አማክራ መድኃኒቷን ቀደም ብላ ትውሰድ።

በመጨረሻም ሁለት ሁለት ሆነን እንያያዝ። ስንሄድም ስንመለስም ሳንቆጣጠር ጀልባ ላይ አንውጣ።

በሰላም ሄደን በሰላም እንድንመለስ አምላክ ይርዳን።