ስለ ቫይረስ መጻሕፍትና ስለ ደብረ ብርሃን በጎች



ዛሬ ጥቂት ቃል ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ፥ በብዙ መሥሪያ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ስለሚኖረው ስለ ወፍራሙ የሳይንስ መጽሐፍ ነው። ስለ ቫይረስና ስለ ባክቴሪያ የዘር ውርስ የሚናገር መጽሐፍ እንዲገዛ የሚጠይቅ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ የደረሰ የሒሳብ ሹም፥ ዋጋውን አይቶ «ይህ የሊቃውንት ጌጥ እንጂ ለአገር ምን ይጠቅማል?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱን ግን ከደብረ ብርሃን የበግ በረት እናገኘዋለን። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበርና እስከ መንዝ ባለው ብርዳም ደጋ፥ ገብሱን ውርጭ ሲመታው ለገበሬው የሚደርስለት በጉ ነው። ባናውም በርኖሱም ከዚሁ ከበጉ ጠጉር ይሠራል። ይህን ዘር ለማሻሻል በ1967 በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ተቋቋመ፤ ኋላም ከእስራኤል የመጣው አዋሲ የሚባለው በግ ከመንዙ ጋር እየተዳቀለ አውራዎቹ ለገበሬው ይታደሉ ጀመር። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን እየበሉ የሚከሱ፥ ሳይሮጡ የሚያለከልኩ በጎች ታዩ። ሊቃውንት መርምረው በሽታው ማዲ ቪስና የሚባለው መሆኑን አወቁ፤ ይህም በ2002 በአንድ የጀርመን የእንስሳት ሕክምና መጽሔት ታተመ። ከውጭ ከገቡት በጎች ጋር ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። በዚህም ምክንያት የአውራ በጎቹ እደላ ለጊዜው ተቋረጠ።

ስሙ የአይስላንድ ቋንቋ ነው፤ «ማዲ» የትንፋሽ ማጠር፥ «ቪስና» መመንመን ማለት ነው። ወደዚያች ደሴት በ1933 ሃያ የካራኩል በጎች ከጀርመን አገር ገቡ፤ እነዚያም የገቡት ዘር ለማሻሻል ነበር፤ ሲታዩም ጤነኞች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንጋው ይረግፍ ጀመር፤ በሽታው የጠፋውም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ በጎች ከታረዱ በኋላ በ1965 ነው። ብዮርን ሲጉርድሶን የሚባለው ሐኪም በ1954 ስለ «ዘገምተኛ» በሽታዎች የጻፈው ይህን የመሰለውን መቅሠፍት ሲመረምር ኖሮ ነው። በ1983 የተገኘው የኤድስ ቫይረስም የዚሁ የበግ ቫይረስ ዘመድ ነው። የበጉ ግን ወደ ሰው አይተላለፍምና ሥጋ ወዳዱ አንባቢ አይሥጋ።

ታዲያ ቫይረሱ ሁለትና ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የት ይኖራል? መልሱ የተጀመረው በበግ ሳይሆን በባክቴሪያ ነው። አንድሬ ልዎፍ በፓሪስ ፓስተር ተቋም በ1950 ገደማ እንዳስረዳው፥ አንዳንድ ቫይረስ በባክቴሪያው የዘር ውርስ ውስጥ ገብቶ፥ ባክቴሪያው በተከፈለ ቁጥር አብሮ እየተባዛ በዝምታ ይኖራል፤ ምክንያት ሲያገኝም ይነሣል። ዊልያም ሄይስ በ1964 ባሳተመው ስለ ባክቴሪያዎችና ስለ ቫይረሶቻቸው የዘር ውርስ በሚናገረው መጽሐፍ ይህን ሁሉ በሰፊው ይተነትናል። ከዚህ አሳብ ተነሥቶ ሃዋርድ ተሚን አንዳንድ የእንስሳት ቫይረስም እንዲሁ ያደርጋል አለ፤ ለብዙ ጊዜ ሰሚ አጣ፤ በ1970 እርሱና ዴቪድ ባልቲሞር ለየብቻቸው ማስረጃውን አገኙ። የበጎቹም ቫይረስ የሚሸሸገው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ የባክቴሪያ መጽሐፍና የበግ ሐኪም ምን አገናኛቸው አይባልም።

እዚህ ላይ የግዥ ሹሞች አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። የሄይስ መጽሐፍ እጅግ ግሩም ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለተኛው እትም የወጣው በ1968 ስለ ሆነ የ1970ውን ግኝት አያውቅም። «መጽሐፉ አለን» ተብሎ በዝርዝር መዝገብ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ የስንት ዓመተ ምሕረት እትም ነው? ፍራንክ ፌነርና ባልደረቦቹ በ1987 ያወጡት የእንስሳት ቫይረስ መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ እየታደሰ ደጋግሞ ታትሟል፤ አሮጌውን እትም በርካሽ መግዛት ቁጠባ አይመስለኝም።

ለማዲ ቪስና ክትባትም ፈውስም የለውም። መከላከያው ደም እየመረመሩ የተያዘውን መለየት፥ ግልገሉን የታመመች እናቱን እንገር ሳይጠባ ነጥሎ ማሳደግ፥ በጎችንም በጠባብ በረት አለማጨቅ ነው። ይህ በማራቢያው ውስጥ ሊሆን ይችላል። አውራው ወጥቶ በአንኮበር ገደል አፋፍ ካለው ገበሬ በረት ከገባ በኋላ ግን ደሙን የሚመረምርለት ማን ነው?