መንገድ፣ ባቡርና ቤት፦ የሲያትል ዕድገት ለማን?



በሲያትል ስለ ከተማዋ ዕድገት የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ተከፍሎ ይቀርባል። ፈጣን አውራ ጎዳናው ይስፋ ወይስ አይስፋ? ባቡሩ በየት ይለፍ? በአንድ ቦታ ላይ ስንት ቤት ይሠራ? ሦስቱ ግን በመሠረቱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ይኸውም ከሥራው፣ ከገበያውና ከአምልኮ ቦታው በቅርብ የመኖር ዕድል ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የከተማዋ ሕዝብ 608,660 ነበር፤ በ2020 737,015 ደርሷል። በዐሥር ዓመት ከ128 ሺህ በላይ ሰው የተጨመረባት ከተማ ይህን ጥያቄ ልታልፈው አትችልም።

ያለፈው ታሪክ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው የመዘግየት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለፈጣን ባቡር ግንባታ የቀረበው የብድር ሐሳብ የአብላጫውን መራጭ ድጋፍ ቢያገኝም፣ ሕጉ የሚጠይቀውን 60 በመቶ ባለማሟላቱ ወደቀ። በ1970 ዳግም ቀርቦ ዳግም ወደቀ፤ ለሲያትል ታስቦ የነበረው የፌዴራል ገንዘብም ወደ አትላንታ ሄደ። የከተማዋ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በ2009 ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከሴንትራል ዲስትሪክት የሚገኝ ነው። ኢንተርስቴት 5 በ1960ዎቹ የከተማዋን መሐል ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ሌላ ፈጣን ጎዳናም በዚህ የጥቁሮች ሰፈር በኩል ሊዘረጋ ታቅዶ ነበር። ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ መራጩም በ1972 ዕቅዱን ሰረዘው። ሆኖም ከጎዳናው የተረፈው ሰፈር ከኪራይና ከቤት ዋጋ ንረት አልተረፈም። ያን ጊዜ ከነዋሪው አብዛኛው ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ጥቁሮች በዚያ አነስተኛው ክፍል ናቸው። መንገዱን ማስቆም ሰፈሩን ቢያተርፍም ሰዎቹን በሰፈራቸው አላቆየም።

ይኸው ጥያቄ ዛሬ በሬኒየር ቫሊ ተነሥቷል። ባቡሩ በዚህ ሸለቆ የሚያልፈው በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና መሐል በመሬት ደረጃ ነው። በግንባታው ለሚጎዳው ማኅበረሰብና ለንግድ ቤቶቹ የ50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ የተቋቋመውም ጉዳቱ አስቀድሞ ስለታወቀ ነው። ባቡሩ ከመጣ በኋላ ግን በጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለው መሬት ተፈላጊነቱ ጨመረ። ኪራዩን ያልቻሉ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች ወደ ሬንተን፣ ወደ ተክዊላና ወደ ኬንት ሄዱ። በዚያ አውቶቡሱ የሚመጣው በየረጅም ጊዜው በመሆኑ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ከትራንስፖርቱ ራቀ፤ መኪና መግዛትም ግዴታው ሆነ። ከዚያም የጎዳናው መጨናነቅ ጎዳናውን ለማስፋት እንደ ምክንያት ይቀርባል።

ቤቶች ጠጋ ጠጋ ብለውና ከፍ ብለው ይሠሩ በሚለው ጉዳይ ላይ ሁለቱም ወገን የሚደመጥ ነገር አለው። ደጋፊዎቹ፣ ቤት ፈላጊው እየበዛ ግንባታው ከተከለከለ ኪራይ መናሩ አይቀርም ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። የሚሠጉት ደግሞ፣ አሮጌው ርካሽ ቤት ፈርሶ በቦታው የሚቆመው አዲስ ቤት ለቀድሞው ተከራይ አይሆንም ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ በትልልቅ ከተሞች በአንድ የመኖሪያ ቦታ ላይ ቢያንስ አራት፣ በዋና የትራንስፖርት ጣቢያ አጠገብ ደግሞ ስድስት ቤት እንዲፈቀድ ያዛል። አቅም ያለው ባለቤት በግቢው ቤት ጨምሮ ልጆቹን በአቅራቢያው ያኖርበታል፤ ብድር ያላገኘው ግን ለአልሚ ሸጦ ይወጣል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ሕጉ ብቻ ሳይሆን ከሕጉ ጋር የሚሰጠው ድጋፍ ነው።

ስለዚህ ለከተማው፣ ለካውንቲውና ለትራንስፖርት ባለሥልጣኑ አራት ጥያቄዎች መቅረብ ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ በጣቢያዎች ዙሪያ ያለ የሕዝብ መሬት ቅድሚያ ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች ይዋል። ባለሥልጣኑ ትርፍ መሬቱን አብዛኛውን ለዚህ ዓላማ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ ከ2015 ጀምሮ አለ፤ አፈጻጸሙ በየጣቢያው ይመርመር። በሲያትል የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ በሬኒየር አቬኑ ባለው ቦታ ላይ የተሠራው የአረጋውያን መኖሪያ፣ መሬት በማኅበረሰብ እጅ ሲቆይ ምን ሊሠራበት እንደሚችል ያሳያል።

ሁለተኛ፣ በግቢያቸው ቤት መጨመር ለሚሹ አነስተኛ ባለቤቶች ብድርና የሙያ ምክር ይመቻች።

ሦስተኛ፣ በደቡብ ኪንግ ካውንቲ የሌሊትና የማለዳ አውቶቡስ ይጨመር። የአውሮፕላን ማረፊያና የሆስፒታል ሠራተኞች ፈረቃ ባቡሩ በማይሠራበት ሰዓትም ይጀምራል፤ ያበቃልም።

አራተኛ፣ የሕዝብ አስተያየት መስጫ ስብሰባዎች በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አስተርጓሚ ይኑራቸው፤ ሰዓታቸውም ፈረቃ ሠራተኛውን ያገናዘበ ይሁን።

ዕቅድ ከጸደቀ በኋላ የሚሰማ ቅሬታ የሚለውጠው ጥቂት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ የማኅበረሰቡ አባላት ካርታው ገና በረቂቅ ሳለ በየስብሰባው ተገኝተው ይናገሩ፤ በጽሑፍም ያመልክቱ። ቀጣዩ ጣቢያ የት እንደሚቆም ሲወሰን፣ በዙሪያው ማን እንደሚኖር አብሮ መወሰን አለበት።